የመጀመሪያ እባባችሁን ስትመርጡና ስታሳድጉ፦ ሳጥኑ ይቅደም

“እባቤ አልበላ አለኝ፤ ምን ልስጠው?” እባብ ማሳደግ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ “በሞቃቱ በኩል፣ እባቡ የሚተኛበት ወለል ስንት ዲግሪ ነው?” ብዙዎቹ ለክተውት አያውቁም። እባብ እንደ እኛ ከውስጡ በቂ ሙቀት አያመነጭም። የዋጠውን የሚፈጨው፣ በሽታ የሚቋቋመው፣ ቆዳውን በወጉ የሚቀይረው ከውጭ ባገኘው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ተዛብቶ ሳለ ምግብ ቢለዋውጡለት ትርፉ ድካም ነው።

ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። እባቡ ቤት የሚገባው ደረጃ 5 ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እባቡን ዛሬ ገዝቶ ሳጥኑን ነገ ለመሥራት ስለሚነሳ ነው።

## ደረጃ 1፦ ከመወሰናችሁ በፊት

1. ዓመታቱን ቁጠሩ። ኮርን ስኔክ የተባለው የእባብ ዝርያ በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ቦል ፓይተን የተባለው የዘንዶ ዝርያ ከ20 እስከ 30 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

2. አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው አስማሙ። የእባቡ ምግብ አይጥ ነው፤ አይጡም የሚቀመጠው ፍሪዘር ውስጥ ነው። ይህን ቀድማችሁ ተናገሩ። ከገዛችሁ በኋላ የሚነሳ ጠብ መጨረሻው እባቡን ለማያውቀው ሰው መስጠት ነው።

3. ሕጉን አጣሩ። በምትኖሩበት ቦታ እባብ ለማሳደግ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ፓይተኖች በሙሉ ሳይተስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የተካተቱ ስለሆኑ ድንበር ሲሻገሩ ሕጋዊ ወረቀት ሊኖራቸው ይገባል።

4. ሐኪም ፈልጉ። ውሻና ላም የሚያክም ሁሉ እባብ አያክምም። ተሳቢ እንስሳትን የሚያይ ሐኪም ስልክ እባቡ ከመግባቱ በፊት እጃችሁ ላይ ይሁን።

5. ቤት ውስጥ ያለውን ሰው አስቡ። ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች በዚህ ክፉኛ ሊታመሙ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ውሳኔውን አዘግዩት።

## ደረጃ 2፦ ዝርያ ምረጡ

ለጀማሪ የሚሆኑት ጥቂት ናቸው።

ኮርን ስኔክ። ሲያድግ ከ90 እስከ 150 ሴንቲሜትር ይሆናል። ደህና ይበላል፣ ሲይዙት ቶሎ ይለምዳል፣ በተራ የቤት እርጥበት ይኖራል። “አንድ ብቻ ምረጥልኝ” ብትሉኝ የምመርጥላችሁ ይህንን ነው። አንድ አመሉን ግን እወቁ፦ ጎበዝ አምላጭ ነው።

ቦል ፓይተን። ርዝመቱ ከኮርን ስኔክ ብዙ አይለይም፤ ሰውነቱ ግን ወፍራም ነው። ረጋ ያለና ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚጠቀለል እባብ ነው። ጀማሪን የሚያስጨንቀው ሁለት ነገር ነው፦ ከፍ ያለ እርጥበት ይፈልጋል፤ ደግሞም ምንም ሳይታመም ለወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። በቀለም ተመርጠው ከሚዳቀሉት መካከል “ስፓይደር” የሚባለውን አትግዙ፤ ከቀለሙ ጋር አብሮ የሚወረስ የነርቭ ችግር ስላለበት ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል።

ካሊፎርኒያ ኪንግስኔክ። ጠንካራና በላተኛ ነው። በተፈጥሮው ሌሎች እባቦችን ስለሚበላ ከሌላ እባብ ጋር በፍጹም አታኑሩት። ነገሩ ለሌሎቹም ይሠራል፦ አንድ እባብ፣ አንድ ሳጥን።

በርሚዝ ፓይተንና ሬቲኩሌትድ ፓይተን ጫጩት ሳሉ ያምራሉ። የመጀመሪያው ከ4 ሜትር፣ ሁለተኛው ከ6 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ለጀማሪ አይሆኑም። መርዘኛ እባብማ ጨርሶ አይታሰብ።

## ደረጃ 3፦ ሳጥኑን ሠርታችሁ ባዶውን ለአንድ ሳምንት አሠሩት

### መጠንና መዝጊያ

ላደገ ኮርን ስኔክ ወይም ቦል ፓይተን 120 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 60 ከፍታ ያለው ሳጥን አዘጋጁ። ለጫጩት ትንሽ ሳጥን ይበቃል። ትልቁን ከመጀመሪያው የምትጠቀሙ ከሆነ በመደበቂያና በቅጠላ ቅጠል ሙሉት፤ ጫጩት ባዶ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ ይፈራል፣ የፈራ እባብ ደግሞ አይበላም።

ቀዳዳዎቹን በጣታችሁ ዳስሱ። ጭንቅላቱ ካለፈ ቀሪው አካሉ ይከተላል። መስታወቱ ተንሸራታች ከሆነ ቁልፍ አብጁለት፤ ክዳኑ ከላይ ከሆነ በማያያዣ አጥብቁት። ክዳን ላይ መጽሐፍ መጫን መዝጊያ አይባልም።

### ሙቀት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሳጥኑ አንዱ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ እባቡ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ የሰውነቱን ሙቀት ያስተካክላል።

- ኮርን ስኔክና ኪንግስኔክ፦ በሞቃቱ በኩል ከ28 እስከ 31 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በቀዝቃዛው ከ22 እስከ 24።
- ቦል ፓይተን፦ በሞቃቱ በኩል ከ31 እስከ 33፣ በቀዝቃዛው ከ25 እስከ 27።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. የሙቀት ምንጣፉን ከሳጥኑ ውጭ፣ ከወለሉ አንድ ሦስተኛውን በሚሸፍን መንገድ ከሥር አድርጉ። ቦታው አንዱ ጫፍ እንጂ መሀሉ አይደለም።
2. ምንጣፉን በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰኩ። በቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ በሚያጠፋው መቆጣጠሪያ በኩል ብቻ ይሥራ።
3. የቴርሞስታቱን መለኪያ ጫፍ በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል አጣብቁ። ውስጥ ከተዋችሁት እባቡ ያነሳዋል ወይም ይሸናበታል፤ ያኔ መለኪያው “ቀዝቅዟል” ብሎ ምንጣፉን ያለ ልክ ያግለዋል።
4. ውስጥ፣ በወለሉ ላይ፣ ሽቦ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር አኑሩ። አንዱ በሞቃቱ፣ ሌላው በቀዝቃዛው በኩል። የቴርሞስታቱን ቁጥር ሳይሆን እነዚህን እመኑ።
5. ከምንጣፉ በላይ ያለው ንጣፍ ስስ ይሁን።
6. በመብራት የምታሞቁ ከሆነ አምፖሉን በሽቦ ጎጆ ሸፍኑት። እባብ ግለት ላይ ይጠመጠማል።

የእኔን የመጀመሪያ እባብ ያቃጠልኩት እነዚህን ስላላወቅሁ ነው። ምንጣፍ ነበረኝ፣ ቴርሞስታት አልነበረኝም። መስታወቱ ላይ የለጠፍኩት ክብ ቴርሞሜትር 29 ይላል፣ እኔም ልቤ ይረጋል። አንድ ጠዋት አንስቼ ሆዱን ስገለብጠው፣ ነጭ የነበረው የሆድ ቅርፊት በአንድ መዳፍ ስፋት ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ላይ ውሃ ቋጥሯል። ሌላ ቴርሞሜትር አምጥቼ ወለሉን ስለካ 46 ዲግሪ። እባብ ከሥሩ ሲግል ሁልጊዜ ሸሽቶ አይነሳም፤ ቆዳው እየተቃጠለ ሊተኛበት ይችላል። ለወራት ታክሞ፣ ደጋግሞ ቆዳ ቀይሮ ዳነ፤ ጠባሳው ግን አልጠፋም። ግለቱ የማይስተካከለው “ሞቃት ድንጋይ” የሚባለው ዕቃም በዚሁ ምክንያት አይገዛ።

### መደበቂያ፣ ንጣፍ፣ ውሃ

ሁለት መደበቂያ ያስፈልጋል፤ አንዱ በሞቃቱ፣ አንዱ በቀዝቃዛው በኩል። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ወይ መደበቅን ወይ ሙቀትን ለመተው ይገደዳል። መደበቂያው ጠበብ ይበል፤ ጎኖቹን ሲነኩት ነው የሚረጋጋው።

ለኮርን ስኔክ የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ፣ ለቦል ፓይተን ከኮኮናት ቅርፊት የሚሠራው እርጥበት ያዥ ንጣፍ ይሆናል። የፓይንና የሴዳር ፍቅፋቂ አትጠቀሙ፤ ሽታ ያለው ዘይታቸው ለእባብ ሳንባ ጎጂ ነው። ሊጠመዘዝበት የሚችል፣ የማይገለበጥ የውሃ ሳህን ጨምሩ። የአየር እርጥበቱ ለኮርን ስኔክ ከ40 እስከ 60 በመቶ፣ ለቦል ፓይተን ከ60 እስከ 80 በመቶ ይሁን።

ሳጥኑ ውስጥ ፕላስተር ወይም ማንኛውንም የሚያጣብቅ ነገር አትለጥፉ። እባብ ከተጣበቀበት ለመላቀቅ ሲታገል ቆዳው ይቀደዳል። ተጣብቆ ካገኛችሁት አትጎትቱ፤ የምግብ ዘይት በጥጥ እየቀባችሁ ቀስ በቀስ አላቁት።

አሁን ሳጥኑን ባዶውን አንድ ሳምንት አሠሩት። ጠዋት፣ ቀትርና ሌሊት ለኩ። ቁጥሩ ካልረጋ እባቡን አትግዙ።

## ደረጃ 4፦ መርምራችሁ ግዙ

ሰው ቤት የተፈለፈለ እንጂ ከዱር የተያዘ አትግዙ። ከዱር የመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጥገኛ ተባይ ይዞ ይመጣል፣ ይፈራል፣ ፍሪዘር ውስጥ የቆየ አይጥም አይቀበልም።

ሻጩን እነዚህን ጠይቁ፦ መቼ ተፈለፈለ? ምን ዓይነትና ምን ያህል አይጥ ይበላል? በሕይወት ያለ ነው ወይስ የቀዘቀዘ? የመጨረሻዎቹ አምስት ምግቦች ቀን ተመዝግቧል? ስትሄዱ አይጥ አቅርቦለት ሲበላ ብታዩ ከሁሉ ይበልጣል። “ትንሽ ነው፣ ገና አልለመደም” ከተባላችሁ ተዉት።

ከዚያ እባቡን ራሱን እዩ፦

- ዓይኑ ጥርት ያለ ይሁን። ሁለቱም ዓይኖች ደብዝዘው ሰማያዊ ከመሰሉ ቆዳ ሊቀይር ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።
- አፉ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ይሁን። ልጋግ፣ አረፋ ወይም ሲተነፍስ የሚሰማ ሲርሲርታ ካለ በሽታ አለ።
- የጀርባ አጥንቱ እንደ ገመድ ጎልቶ የሚታይ ከሆነ ከስቷል።
- እጃችሁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሰውነቱ ላይ አሳልፉ። ጨርቁ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ካገኛችሁ ቅንቅን ነው። የዓይኑን ጠርዝና የውሃ ሳህኑንም ተመልከቱ።
- ከጅራቱ ሥር ያለው መውጫው ንጹሕና ደረቅ ይሁን።
- እጃችሁ ላይ ሲሆን ምላሱን እያወጣ ይፈትሽ፣ ቀስ ብሎም ይጠምጠም። እንደ ሞተ ገመድ ከተንጠለጠለ አትውሰዱት።

አዝናችሁ የታመመውን አትግዙ። ለጀማሪ የሚተርፈው ሐዘን ነው፤ ለሻጩ ደግሞ ሌላ የታመመ እባብ ማምጫ ገንዘብ።

## ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት

በጨርቅ ከረጢት ቋጥራችሁ፣ ከረጢቱን ጠንካራ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ አምጡት። ሳጥኑ ውስጥ ልቀቁትና ዝጉ። ሌላ አትሥሩ።

ለሰባት ቀን አትያዙት፣ ለእንግዳ አታሳዩት፣ መደበቂያውን አታንሱበት። ውሃ ብቻ ቀይሩ። ቀኑን ሙሉ ቢደበቅ ጤነኛ ነው። የመጀመሪያውን ምግብ በሰባተኛው ቀን ስጡት። ሌላ እባብ ካላችሁ አዲሱን በተለየ ክፍል፣ በወረቀት ንጣፍ ላይ ቢያንስ ለ3 ወር አቆዩት፤ የእሱን ሥራም መጨረሻ ላይ ሥሩ።

## ደረጃ 6፦ ማብላት

መጠኑ፦ የአይጡ ውፍረት ከእባቡ ሰውነት ወፍራም ቦታ ጋር እኩል ይሁን። ለኮርን ስኔክ ጫጩት ፀጉር ያላበቀለ የአይጥ ግልገል በየ5 እስከ 7 ቀኑ፤ ላደገው ትልቅ አይጥ በየ10 እስከ 14 ቀኑ። ያደገ ቦል ፓይተን በየ2 እስከ 3 ሳምንቱ ይበቃዋል። እባብ ሁልጊዜ የተራበ ሊመስል ይችላል፤ ውፍረት ግን ጉበቱን ይጎዳል።

በሕይወት ያለ አይጥ አትስጡ። የተጠጋ አይጥ እባብን ይነክሳል፤ ያልተራበ እባብ ዘንድ ትታችሁት ካደራችሁማ ጀርባውን በልቶት ታገኛላችሁ።

1. አይጡን ከፍሪዘር አውጥታችሁ በታሸገ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ።
2. በማግስቱ፣ ከነከረጢቱ፣ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አኑሩት። በማይክሮዌቭ አታሙቁ፤ ከውጭ በስሎ ከውስጥ በረዶ ሆኖ ይቀራል፣ ሊፈነዳም ይችላል።
3. ሆዱን ተጫኑ። መሀሉ ጠጠር ካለ ገና ነው።
4. አድርቁት። ጭንቅላቱ ሞቅ ማለቱን አረጋግጡ፤ ቦል ፓይተን ከንፈሩ ላይ ባሉት ጉድጓዶች ሙቀት እያየ ነው የሚነጥቀው።
5. በረጅም መቆንጠጫ፣ ከጀርባው ወይም ከጅራቱ ይዛችሁ አቅርቡ። በእጅ በፍጹም አታብሉ።
6. ከዋጠ በኋላ 48 ሰዓት አትንኩት።

ካልበላ በማግስቱ ጠዋት አውጥታችሁ ጣሉ። እንደገና ፍሪዘር አይገባም።

### አልበላም ሲል

በዚህ ተራ ሂዱ፤ አንዱን ሳትፈትሹ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

በመጀመሪያ የወለሉን ሙቀት ለኩ። ቀጥሎ ዓይኑን እዩ፤ ቆዳ ሊቀይር ከሆነ ተዉት። ከዚያ አይጡ በርዶ እንደነበር አስቡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሞቅ አድርጋችሁ፣ ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ አቅርቡ። ያም ካልሆነ አይጡን መደበቂያው በር ላይ ትታችሁ ውጡና ሌሊቱን አትመልከቱ። በሁለት ሙከራ መካከል ከ7 እስከ 10 ቀን ይለፍ። በየቀኑ አይጥ ፊቱ ላይ ማወዛወዝ ጭንቀቱን ያባብሰዋል።

ዋናው መለኪያ ሚዛን ነው። በግራም የሚመዝን ሚዛን ለእባቡ ብቻ ለዩና በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። ያደገ ቦል ፓይተን ለሁለት ወር ሳይበላ ክብደቱ ከቆመበት ካልወረደ ታገሡ። ከክብደቱ 10 በመቶ ከቀነሰ፣ ወይም ጫጩት ሆኖ ለአንድ ወር ካልበላ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

### የዋጠውን ከመለሰ

አፅዱና ለ10 እስከ 14 ቀን ምንም አትስጡት፤ ውሃ ብቻ። ቶሎ ማብላት የተጎዳ ሆዱን ያባብሳል። ሙቀቱን ፈትሹ፣ ከበላ በኋላ ይዛችሁት እንደነበር አስታውሱ። ስትጀምሩ የቀድሞውን ግማሽ በሚያህል አይጥ ጀምሩ። ሁለተኛ ከመለሰ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

## ደረጃ 7፦ መያዝ

ሁለት ጊዜ ከበላላችሁ በኋላ ጀምሩ። እጃችሁን ታጠቡ፤ የአይጥ ሽታ ያለው እጅ ለእባብ አይጥ ነው። በሳጥኑ በር ስትገቡ መጀመሪያ በመቆንጠጫ ወይም በወረቀት ጥቅል ሰውነቱን በቀስታ ንኩት፤ የምግብ ሰዓት አለመሆኑን በዚያ ይለያል። ከዚያ ከጎን፣ መሀል ሰውነቱን በሁለት እጅ ደግፋችሁ አንሱ። ከላይ የሚመጣ እጅ ለእሱ አሞራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። ከዚያ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ዕቃውንም ምግብ በሚሠራበት ማጠቢያ አትጠቡ።

ከነከሳችሁ አትጎትቱ። ጥርሱ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ ስትጎትቱ ሥጋችሁ ይቀደዳል፣ የእሱም ጥርስ ይሰበራል። አብዛኛውን ጊዜ ነክሶ ወዲያው ይለቃል። ከያዘ በቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርጉት፤ ይለቃል። ቁስሉን በሳሙና እጠቡ። እንደነከሳችሁ ወዲያው ወደ ሳጥኑ አትወርውሩት፤ ረጋ ሲል መልሱት፣ አለዚያ መንከስ እንደሚያስለቅቀው ይማራል።

## ደረጃ 8፦ ቆዳ ሲቀይር

ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዓይኑ ወተት ይመስላል፣ በኋላ ይጠራል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳውን ይጥላል። በዚህ ጊዜ አትያዙት። እርጥብ ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) የሞላበት፣ መግቢያ የተበጀለት የፕላስቲክ ዕቃ አስገቡለት።

የጣለውን ቆዳ ዘርግታችሁ መርምሩ። አንድ ወጥ መሆን አለበት። ሁለት የዓይን ሽፋኖችና የጅራት ጫፍ መኖራቸውን ቁጠሩ። ጅራት ላይ ቀለበት ሠርቶ የቀረ ቆዳ ደም ያግዳል፣ ጫፉም ይሞታል።

ከተበጣጠሰ፣ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ፎጣ ላይ፣ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ አኑሩትና በእርጥብ ጨርቅ መካከል እንዲሳብ አድርጉ። በዓይኑ ላይ የቀረውን በጥፍርም በወረንጦም አትንኩ። በሚቀጥለው ለውጥ እርጥበቱን ከፍ አድርጉ፤ ያኔም ካልወጣ ሐኪም ያውጣው።

## ችግር ሲመጣ

ቅንቅን። ውሃ ሳህን ውስጥ ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ንጣፉን በሙሉ አውጥታችሁ ጣሉ፣ ሳጥኑን በሙቅ ውሃና ሳሙና ፈትጉ፣ በወረቀት ተኩ። የቤት ፀረ ተባይ በእባቡ ላይ አትርጩ፤ ይገድለዋል። መድኃኒቱን ሐኪም ይዘዝ፣ ጥቃቅን እንቁላሎቹ ስለሚፈለፈሉም አንድ ጊዜ አድርጋችሁ አታቁሙ።

አፍ ከፍቶ መተንፈስ። ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀጥ ካደረገ፣ ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ የሳንባ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ተነሱ። ሙቀቱን ፈትሹ፣ ግን ቤት ሆናችሁ አትጠብቁ። ይህ በራሱ አይድንም።

ቃጠሎ። የሙቀት ምንጩን አጥፉ፣ ንጣፉን በንጹሕ ወረቀት ተኩ፣ ቅባት ሳትቀቡ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ማምለጥ። ወዲያው የክፍሉን በር ዝጉና ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በፎጣ ድፈኑ። መጸዳጃውን ክደኑ። መጀመሪያ ከሳጥኑ አጠገብ ፈልጉ፤ ከሥሩ፣ ከኋላው፣ መደርደሪያው ውስጥ። ከዚያ ሞቃትና ጠባብ ቦታዎችን፦ ከፍሪጅ ጀርባ፣ ከሶፋ ሥር፣ ከመጻሕፍት ኋላ። ሶፋውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት በባትሪ አብሩበት፤ በእግሩ ልትደፈጥጡት ትችላላችሁ። ካልተገኘ ማታ በግድግዳው ጥግ ጥግ ዱቄት ነስንሱ፤ ጠዋት የሄደበት መስመር ታትሞ ታገኙታላችሁ። ወለሉ ላይ ሞቃት መደበቂያና ውሃ አኑሩ፣ መብራት አጥፍታችሁ ቁጭ በሉና ከሁለት ሰዓት በኋላ በባትሪ ዙሩ። እባብ ሳይበላ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በሳምንት ተስፋ አትቁረጡ። ስታገኙት ውሃ ስጡት፣ ሰውነቱን መርምሩ፣ ሁለት ቀን አሳርፉት፤ ወደ ሳጥኑ ከመመለሳችሁ በፊት ግን የወጣበትን ቀዳዳ አግኝታችሁ ድፈኑ።